የሹፌሩ ሚስት ወንዝ ላይ

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ያገባች ሴት ባሏን በሁለት መልክ ብቻ ታውቀዋለች፤ ሲሄድ ከኋላው፣ ሲመጣ ደግሞ ተኝቶ። የሹፌሩ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ይህችን ቀልድ ለደንበኞቿ ስትደጋግም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላት። ደንበኞቿ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዘመን ከባሏ ጋር መንገድ የወጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም እሱ ራሱ በሚነዳው አውቶቡስ። ከጀርባው ካለው ወንበር ተቀምጣ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማጅራቱን ስታይ ውላ ገባች።

ጡረታ ሲወጣ ልጃቸው «ምን ላድርግላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። እናት ሳታቅማማ «አባትሽ መሪ የማይጨብጥበት አገር ላኪን» አለቻት። የምትመኘው ትንሽ ነገር ነበር፤ ባሏ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ፣ እሷ የምታየውን እያየ አብሯት እንዲሄድ። ልጅቱም አፈላልጋ አፈላልጋ መኪና ዝር የማይልበት፣ ወንዙ ራሱ መንገድ የሆነበት ጥቅጥቅ ያለ ደን አገኘችላቸው። የሁለት ቀን የጀልባ ጉዞ ነው፤ አስጎብኚዎቹ እዚያው ወንዝ ዳር ተወልደው ያደጉ ናቸው።

እናትና ልጅ አንድ ነገር ዘንግተው ነበር። ጀልባም ይነዳል።

ጀልባዋ ጠባብና ረጅም ናት። ከኋላ ሞተር አላት፤ ከሞተሩ የወጣውን የብረት እጀታ ይዛ የምትነዳው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሳቂታ ሴት ናት። ከፊት ለፊት ደግሞ አጎቷ ረጅም እንጨት ይዘው የውሃውን ጥልቀት እየለኩ ይቆማሉ። ከባልና ሚስቱ ሌላ ያለው ተጓዥ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ለሁለት ሰው የሚበቃውን የመሀል ወንበር ቀድማ ያዘችና ቦርሳዋን አንስታ ለባሏ ቦታ ለቀቀች።

ሹፌሩ ግን ዓይኑ እጀታው ላይ አርፏል። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ይባል የለ? «እኔ እዚህ ሆኜ ትንሽ ልያት» አለና ሞተሩ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ሳንቃ ላይ ተሰየመ። ሚስቱ ቦርሳዋን መልሳ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠች። የዛሬው ደግሞ ባሰ፤ ማጅራቱ እንኳ አይታያትም።

ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ዛፎቹ ከሁለቱም ዳር ተንጠራርተው ወንዙ አናት ላይ ተቃቅፈዋል፤ ፀሐይ በየቀዳዳው ሾልካ ውሃው ላይ ትበተናለች። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ጀልባዋን በትዝብት ያያሉ። መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ቢራቢሮ መጥቶ የሐኪሙ ኮፍያ ላይ አረፈ፤ ሰውየውም ፎቶ ሊያነሳው ካሜራውን አዘጋጅቶ ራሱን ቢያዞር ቢያዞር አላገኘው አለ። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። ለባሏ ልታሳየው ዞር ስትል እሱ አጎንብሶ ሞተሩን ይመረምራል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ማርሽ የለውም እንዴ?»

«የለውም ጋሼ። ፈጠን አለ፣ ቀስ አለ፣ በቃ።»

«ፍሬንስ?»

«ፍሬኑ አጎቴ ናቸው።»

አጎትየው ሳይዞሩ እንጨታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት።

ሹፌሩ ግን ከልቡ ተጨንቋል። ጀልባ ነጂዋ ልጅ ኩርባ በመጣ ቁጥር ጀልባዋን ወደ ውጭ እያወጣች፣ ዳሩን ልትነካ ጥቂት እስኪቀራት ተጠግታ ትዞራለች። እሱ ደግሞ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ይታያል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ኩርባ ላይ ሰው ወደ ውስጥ ነው የሚይዘው። ያንን የመሰለ ሰፊ፣ ፀጥ ያለ ውሃ በውስጥ በኩል ተኝቶልሽ ዳር ዳሩን ምን አስኬደሽ? በዚህ ሥራ ተራራ ለተራራ ስዞር ፀጉሬ ሸብቷል።»

ልጅቷ አጎቷን አየች። አጎትየው ሰማዩን አዩ።

«እስኪ የሚቀጥለውን ይያዙት ጋሼ» አለችና እጀታውን አስረከበችው።

ሹፌሩ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ጀልባዋን ወደዚያ ወደ ለስላሳው ውሃ አቀና። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ከፊቷ አንድ ነገር ታዘበች። አጎትየው እንጨታቸውን አጋደሙና ሱሪያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ ሁለቱንም እኩል ከጉልበት በላይ። ዕድሜዋን ሙሉ ሱሪ ስትለካ ለኖረች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልጋትም፤ ሰውየው ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ባሏን ልታስጠነቅቀው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ተንኮል ሰው አይገድልም ብላ ዝም አለች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጀልባዋ እንደ ቅቤ ስትንሸራተት ቆይታ ድንገት ከሥሯ ሻሻሻ የሚል ድምፅ ተሰማና ቀጥ አለች። አሸዋ ላይ ተቀምጣለች። ሞተሩ ጠፋ፤ የወፎቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው፤ የሆዷ ሳቅ እዚያው ደረቀ። ያንን ፊት ታውቀዋለች። ጋራዡ ውስጥ የአውቶቡሱን ቁልፍ ያስረከበ ቀን ይዞት የመጣው ፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ከሰው አልተነጋገረም። አሁንም እንደዚያ አፉን ከዘጋ ሁለቱ ቀን አለቀ፣ ጉዞውም አበቃ። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩትን ነገር በገዛ ዝምታዬ ገደልኩት ብላ ራሷን ረገመች።

«እንውረድና እንግፋ፣ ከጉልበት አያልፍም» አለች ልጅቷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

አምስቱም ወረዱ። ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ደስ ይላል። የሐኪሙ አንድ ነጠላ ጫማ ገና እንደወረደ ከእግሩ ወልቆ ቁልቁል ጉዞውን ጀመረ፤ እሱም «አንተ፣ ወዴት?» እያለ ተከተለው። የቀሩት አራቱ ትከሻቸውን ለጀልባዋ ሰጡ። አንዴ ገፉ፤ ወይ ፍንክች። ሁለተኛ ገፉ። በሦስተኛው ሹፌሩ ቀና ብሎ ቆመና በረጅሙ ተነፈሰ።

«አውቶቡስ ጭቃ ሲይዘው ሁልጊዜ ተሳፋሪ አውርጄ ነው የማስገፋው» አለ። «እኔ ሞቅ ብሎኝ መሪዬን ይዤ፣ በመስኮት ብቅ እልና ‹ጠንከር በሉ እንጂ፣ ቁርስ አልበላችሁም?› እላቸዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት። አንድ ቀን ወርጄ ገፍቼ አላውቅም። ለካ እንዲህ ይከብዳል?»

አጎትየው በመጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ልጅቷ ጀልባዋን ተደግፋ በሳቅ ፈነዳች። ሹፌሩም ራሱን ሊይዝ ታገለና ከሆዱ ገንፍሎ የመጣው ሳቅ አሸነፈው። እስኪያነባ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ከእፎይታዋ ብዛት ውሃው ውስጥ ቁጭ ማለት አማራት።

«ደግሞ አይከፋዎት» አሉት አጎትየው። «እሷን ስትማር እዚሁ አሸዋ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ገፍቻታለሁ። ወንዝ ኩርባው ላይ አሸዋውን የሚጥለው በውስጥ በኩል ነው። ጥልቁ ዳሩን ታክኮ ይሄዳል።»

«እኔ እኮ ገደል ነበር የምሸሸው» አለ ሹፌሩ። በአራተኛው ግፊት ጀልባዋ ተንሳፈፈች።

ሁሉም ተሳፈሩ፤ ሐኪሙም ጫማውን ማርኮ ተመለሰ። ሹፌሩ ጭኑ ድረስ ረጥቦ መጨረሻ ላይ ወጣ። ወደ ሞተሩ አልሄደም። መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠውን ቦርሳ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና ከሚስቱ ጎን ቁጭ አለ።

ወደ ጎን ማየት ግን አልለመደም። እሷ «ያውልህ» ስትለው እሱ ፊት ለፊት ያያል፤ ሲዞር ነገሩ አልፏል። ሁለት ጦጣና አንድ ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ እንዲህ አመለጡት። አራተኛው ላይ አገጩን ይዛ አዞረችለት። አንዲት ኤሊ ግንድ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ አንገቷን አውጥታ አየችው፣ እሱም አያት።

«እኔ እኮ አንድ ቀን ብቻ ነው አብሬህ የሄድኩት» አለችው ኤሊዋ ካለፈች በኋላ። «እሱንም ማጅራትህን ሳይ ዋልኩ።»

«እኔ አንቺን ሳይ ነው የዋልኩት» አለ። «የውስጡን ስፖኪዮ ወደ አንቺ አዙሬ። ረዳቴ ‹ጌታዬ፣ ሌላው ተሳፋሪ ቢወድቅ በምን ታያለህ?› ብሎ ተቆጥቶኛል። ሦስት ጊዜ ተኛሽ። አፍሽን ከፍተሽ።»

ይህን ሁሉ ዓመት የታየች አልመሰላትም ነበር።

በዚህ መሀል ወንዙ ሰፋና ቀጥ አለ። «ጋሼ» አለች ልጅቷ ከኋላ፣ «ከዚህ እስከ ማደሪያችን ኩርባም አሸዋም የለም። ይምጡና እንደ ልብዎ ይንዱት።»

ጉልበቱ ከጎኗ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ጠዋት ቢሆን በክር ጠምዛ ከወንበሩ ጋር ትሰፋው ነበር። አሁን ግን ቦርሳው ላይ ያሉት ጣቶቹ ሲጨብጡና ሲለቁ አየችና አሳዘናት።

«ሂድ በቃ፣ እጅህን በልቶሃል» አለችው፤ ከልቧ ነው።

ሹፌሩ ዞሮ እጀታውን አየ። ከዚያም በመነሃሪያ ድምፁ፣ ደኑ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ተሽከርካሪው በጉዞ ላይ እያለ ተሳፋሪ ከወንበሩ አይነሳም» አለ።

ልጅቷ እየሳቀች ሞተሩን አስጮኸችው። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ደኑ አዞረች።

«ምን አየሽ?» አላት ባሏ ትከሻዋ ላይ ተጠግቶ።

ምንም አላየችም፤ ዓይኗን እንባ ሞልቶታል። «ወፍ» አለችው፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ይፈልጋት ጀመር።