ኦርኔላ አልመለስም ያለች ጊዜ

ኦርኔላ ቤርታኮ በስተርጅና አገር የቀየረችው ብቻዋን ነው። ያሰቡት ግን ሁለት ሆነው ነበር። እሷ በሰሜን ጣሊያን ሮቪጎ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድታለች፤ ባሏ ቱሊዮ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ጡረታ ሲወጡ እኛ አገር ቱኒዚያ፣ ሐማማት መጡ፤ ባሕሩን አዩ፤ "በቃ እዚህ እናረጃለን" ተባባሉ። ጓዛቸውን ሊሸክፉ ሲሉ ልጃቸው ኢቫኖ መንታ ወለደ። "ልጆቹ ትንሽ ጠንከር እስኪሉ ቆዩልኝ" አላቸው። ቆዩ። ቀጥሎ "ትምህርት ቤት እስኪገቡ" አለ። አሁንም ቆዩ። በአምስተኛው ዓመት ቲኬት ቆርጠው፣ ሻንጣ ዘግተው፣ ጉዞው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቱሊዮ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀና ሞተ። ኦርኔላ ባሏን ቀበረች፤ ወሩ ሳይሞላ መጣች።

እኔ ራውዳ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምድር ቤት እኔ እኖራለሁ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እሷ። ጣሊያንኛ የተማርኩት ከቴሌቪዥን ነው፤ በልጅነታችን አንቴናችን ከራሳችን ጣቢያ ይልቅ የእነሱን ጥርት አድርጎ ያመጣ ነበር። የመጣች ቀን "እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ" ብላት ቱግ አለች።

"አንቱ አትበይኝ! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከተማው አንቺ እያለ ሲሰድበኝ ነው የኖርኩት። አሁን ብትቀይሪብኝ ያመኛል።"

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ኖርን። ጠዋት ጠዋት ትዋኛለች፤ በብርዱ ወራትም ጭምር። ወንድሜ ሪዳ "ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ታበላሽሻለች" ይለኝ ነበር።

በየካቲት ዝናብ ደረጃው ረጥቦ አዳለጣትና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኳት። ጀሶው እየታሰረላት "ለኢቫኖ ትንፍሽ ብትዪ አልምርሽም" አለችኝ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ነገር ግን የጣሊያን ጡረተኞች ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡበት ከከተማው አሮጌ ግንብ ፊት ለፊት ያለ ቡና ቤት አለ። የእነሱ አለቃ ነኝ ብሎ ራሱን የሾመ ጓልቲዬሮ የሚባል ሰውዬ፣ ማንም ሳይልከው ለኢቫኖ ደወለለት።

ኢቫኖ በአራተኛው ቀን ደረሰ። በሩን ሞልቶ የሚቆም ግዙፍ ሰው ነው። ምሳ የዓሣ ኩስኩስ ሠርቼ ወደ ላይ ይዤላቸው ወጣሁ። ገና ሁለት ማንኪያ ሳይበላ ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

"እማዬ፣ የአረጋውያን መኖሪያው ክፍል ተዘጋጅቷል። መስኮቱ ወደ አትክልቱ ነው። ነርሶች አሉ። ከኛ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። እዚህ ጋ መፈረም ብቻ ነው።"

"ክፍሉ የስንት ሰው ነው?"

"የሁለት።"

"ሁለተኛዋ ማን ናት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሆነች አሮጊት።"

"እስቲ መጀመሪያ እሷን ጠይቃት። አኮራፋለሁ በላት።"

"እማዬ፣ ቀልዱን ተዪው! ጭንቅላትሽ ቢሆንስ የተመታው?"

"ጭንቅላቴ ቢሆን ኖሮ እፈርምልህ ነበር" አለችና ወረቀቱን ገልብጣ የዓሣ አጥንት አስቀመጠችበት።

ስወጣ ኢቫኖ ተከትሎኝ ወረደ። "እባክዎን እርስዎን ትሰማለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ፣ ስደርስ ሞታ አገኛታለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት" አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አሳዘነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ትክክል ነው ብዬም አሰብኩ። ስትወድቅ እኔ ልብስ መስፊያ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ባልሰማትስ? ያን ቀን እዚያው ደረጃ ላይ ብታድርስ?

በማግስቱ ፀጉሯን እያበጠርኩላት፣ "ልጅሽ እኮ ነው ኦርኔላ፣ ብትሄጂስ?" አልኳት።

ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደች።

"አንቺም?" አለች። እኔም ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልጠራችኝም። በአንድ እጇ እንዴት እንደምትለብስ እየገረመኝ የስፌት መኪናዬ ላይ ተጎንብሼ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን በጀሶው ደበደበችው። የጃኬቷን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃለች፤ ሌላው ተንጠልጥሏል።

"ፓስፖርቴን ወሰደው።"

"ማን?"

"ማን ይሆናል! ከመሳቢያዬ። ለእኔና ለራሱ ቲኬት ቆርጧል። ተነሺ፣ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም፣ ምስክር ነው የምፈልገው።"

መርፌውን ጨርቁ ላይ ትቼ ተነሣሁ።

ኢቫኖ ቡና ቤቱ ውስጥ ከጡረተኞቹ መሃል ተቀምጦ ነበር፤ ጓልቲዬሮ ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ያጽናናዋል። ስታያቸው አልሮጠችም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደምታቆም ቀስ ብላ መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

"ፓስፖርቴን።"

"እማዬ፣ ቁጭ በይና እንነጋገር።"

"ከሰባ ዓመት ሴት መሳቢያ የሰረቀ ሰው ቁጭ በይ አይለኝም።"

ጓልቲዬሮ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኦርኔላ፣ ልጁ ለአንቺ አስቦ ነው። ሁላችንም ብንሆን መጨረሻ ላይ መመለሳችን አይቀርም።"

"ተመለስ ታዲያ! ማን ያዘህ? ቲኬት ተቆርጧል፣ ክፍል ተዘጋጅቷል፣ መስኮቱም ወደ አትክልቱ ነው። በኔ ፋንታ ሂድ!"

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኢቫኖ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣና ብድግ አለ።

"አባዬ እዚያ ብቻውን ተኝቷል! መቃብሩን ማን ይጎብኘው? ጥለሽው መጣሽ፤ እኛንም ጥለሽን መጣሽ!"

ሳቁ ቆመ። እኔ እጇን ልይዝ ተጠጋሁ፤ አላስያዘችኝም። ድምፅዋ ሲወጣ ዝቅ ያለ ነበር።

"አባትህን የጣልኩት እኔ ነኝ? አምስት ዓመት ይህን ባሕር እያለ ነው የሞተው። ቆዩ አልከን፣ ቆየን። ልጆችህን አጠብን፣ አበላን፣ ደስ ብሎን ነው፣ አልቆጭም። ግን እሱ ወጥ ቤት ውስጥ ካቆመው ሻንጣው አጠገብ ነው የወደቀው ኢቫኖ። መዋኛ ሱሪውን ከላይ አድርጎት ነበር፤ ቶሎ አወጣዋለሁ ብሎ። ያንን ሱሪ ከሻንጣው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም። ያኔ ለራሴ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ከእንግዲህ ቆዪ ለሚለኝ ሰው አልቆይም፣ ተመለሺ ለሚለኝም አልመለስም። እወድቅ ይሆናል። እዚሁ እሞት ይሆናል። የክርስቲያኖቹን መቃብር ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ባሕሩ ይታያል። ያንተን ወረቀት ግን አልፈርምም።"

ኢቫኖ ፓስፖርቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ በእጇ አልሰጣትም። እሷ አነሣችው። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ወንበር ሳበችላት፤ ኦርኔላ ግን አልተቀመጠችም።

ወደ ቤት ስንመለስ "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ገና ነኝ" አለች። ከዚያ ትንሽ ተራምደን፣ "እጅጌዬን አስገቢልኝ፤ በርዶኛል" አለችኝ።

ኢቫኖ በማግስቱ ይሄዳል ብለን ነበር፤ አልሄደም። ማንንም ሳያነጋግር ከተማ ወጣና ረጅም የብረት ቧንቧ ተሸክሞ መጣ። ከጎረቤት መሰርሰሪያ ተዋሰ። ሁለት ቀን ሙሉ የደረጃውን ግድግዳ ሲበሳ ዋለ፤ ከላይ እስከ ታች የእጅ መደገፊያ ሠራ። በየመሃሉ ለብቻው ይሳደባል። ኦርኔላ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ጠሟል።"

"አልጠመመም።"

"በስተታች በኩል ጠሟል። አውቶቡስ የነዳ ዓይን አይሳሳትም።"

"እማዬ፣ ዝም በይ!"

ግን ፈታውና አቃናው። እኔ ቡና ሳመጣለት ቀና ሳይል፣ "ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉልኝ" አለኝ። "እሷ አትነግረኝም። እርስዎ ይነግሩኛል፣ ገባዎት?" ጻፍኩለት።

የሄደበት ቀን ታክሲው በር ላይ ቆሞ ነው የተሳሳሙት። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ ከጀሶው እየተጠነቀቀ አቀፋት።

"ሐምሌ ላይ ልጆቹን እልካለሁ" አለ።

"አንተስ?"

"እኔ ተናድጃለሁ።"

"ተናድደህ ና።"

ታክሲው ውስጥ ገባ። ታክሲው እስኪታጠፍ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሲታጠፍ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አልከለከለችኝም።

ሁለት ወር ሙሉ አልደወለላትም። ለኔ ግን በየእሑዱ ይደውላል፤ እሷም ታውቃለች፤ ስልኩ ሲጮህ ከላይ ሆና "ገና አልሞተችም በይው!" ትላለች። ጀሶው ተፈታ፤ እጇ ቀጥኖ ወጣ፤ በሳምንቱ ባሕር ገባች። የመኖሪያ ፈቃዷን አብረን ሄደን አሳደስን።

በሐምሌ ኢቫኖ መንታዎቹን ይዞ መጣ። ሁለት ቀን እንዳኮረፈ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ከመስኮቴ ሳይ፣ እናቱ ባሕሩ ውስጥ ወገቧ ድረስ ገብታ እጇን እያወዛወዘች ትጠራዋለች። እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው እያለ፣ እየተነጫነጨ ወደ እሷ ይገባል።