የጥዑመ ልሳን መቋሚያ

አጥንቱ ገጥሞ ቢሆን እስካሁን ይጠራት ነበር፣ አልገጠመም ማለት ነው፣ ወይስ ገጥሞም ያዘገያሉ፣ ዶክተሩ ራጁን ይዞ ገብቶ በሩን ዘግቷል፣ የብርጓል ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ግራ እግሯን እንደ ሰው ዕቃ ፊቷ ዘርግታ ትጠብቃለች። ክራንቾቹ በአንድ ጎኗ። በሌላው ጎኗ አማቷ እማማ ወለተ ኪዳን፣ የሟች ልጃቸውን፣ የባሏን መቋሚያ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ለምን ይዘውት መጡ፣ አልጠየቀቻቸውም፣ ከቤት ሲወጡ ከጥጉ አነሡት።

የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ዘጌ። በጀልባ። እግዚኦ፣ ያ ጀልባ፣ ከዘጌ ሲመለሱ የከሰዓቱ ንፋስ ተነሥቶ፣ እንቦጩ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ቀጥ ሲያደርጋቸው ጥዑመ ልሳን ይስቃል፣ አይዞሽ የብሬ፣ ጣና እኮ ያሳደገኝ ነው ይላታል፣ ከዚያ ማዕበሉ በጎን ያነሣቸዋል፣ ድንጋዩ፣ ቅልጥሟ በጀልባውና በድንጋዩ መካከል፣ ድምፁ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ። እሱ ከሥር ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ የማይደክመው ሰው። መቋሚያውን በማግሥቱ ባለታንኳዎች አገኙት፣ ውኃው ላይ ተንሳፎ። እንጨት ይንሳፈፋል፣ ሰው ግን... በቃ። በቃሽ።

አስከሬኑ ተገኝቶ ዘጌ ሲቀበር አልነበረችም፣ አልጋ ላይ ነበረች። ፍትሐቱን ቁጭ ብላ አትሰማም። ልትቆምለት ነው የምትፈልገው፣ በገዛ እግሯ፣ ሌላ ምንም።

እግሯ እስካሁን ይድን ነበር። ጄሶውን ውኃ እንዳይነካው ተብሎ ነበር፣ እማማ ግን ሐኪሙ ውኃ ነው ያለው እንጂ ጠበል መች አለ አሉ፣ ሦስት ቀን አፈሰሱበት፣ ጄሶው እንደ ሊጥ ላላ፣ አጥንቱ ዞረ፣ እንደገና ተከፍቶ ብረት ገባበት። አልተቆጣቻቸውም፣ ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱ እሷን በእጃቸው ያጠቡ ሴት፣ በምን አፏ ትቆጣለች። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ እግሯን አያዩም። ሲያወሯት ዓይናቸው ግድግዳ ላይ ነው።

የብርጓል አንዳርጋቸው! እሷ ናት፣ ክራንቹ የት አለ፣ ቀስ፣ ዶክተሩ ራጁን ወደ ብርሃን ያነሣል፣ ነጩ ብረቱ ነው፣ ይኼ ደመና የሚመስለው ይታይሻል፣ አዲስ አጥንት ነው፣ ገጥሟል፣ ክራንቹን ትተሽ በከዘራ ተለማመጂ፣ በወሩ መጥተሽ ትታያለሽ። ገጥሟል። አጥንት ደመና ሆኖ ይጀምራል እንዴ፣ ማን ያውቅ ነበር። ጀልባስ ዶክተር? ሰው ደግፎሽ ውጪ፣ ሰው ደግፎሽ ውረጂ፣ አትቸኩዪ።

መራመድ የምታለማምዳት ልጅ ወንጌላዊት ከሚቀጥለው ክፍል ትጠብቃለች፣ ከዘራ ይዛችኋል? እማማ መቋሚያውን ያቀብሏታል። ልጅቷ ትስቃለች፣ ኧረ እማማ፣ ይኼማ ብብቷ ይደርሳል፣ የከዘራ እጀታ የእጇ አንጓ ላይ ነው መዋል ያለበት፣ ፈታ በሉ፣ ሌላ ይገዛላ። የብርጓል እጀታውን ትነካዋለች፣ መዳፉ የኖረበት ቦታ፣ ለስልሷል፣ ይመለስ ልትል ነው፣ ጥጉ ላይ ይቀመጥ እንደነበረው።

ቁረጡት።

ምን አሉ እማማ?

ከታች ነዋ፣ ከላይ ማን አላችሁ፣ እጀታውን እንዳትነኩብኝ።

የጥዑሜ ነው እኮ፣ ትላለች የብርጓል።

እና፣ እንጨት ነው፣ ታቦት አይደል፣ አቅፌው ልተኛ ኑሯል? ይቆረጥ ልጄ፣ እኔ ያበላሸሁት ይበቃል። ዓይናቸው እግሯ ላይ ነው። ከጠበሉ ወዲህ ገና አሁን፣ በቀጥታ፣ ጠባሳው ላይ። የብርጓል አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እሺ፣ እሺ እማማ።

የጥገናው ሰውዬ መጋዙን ይዞ ይመጣል፣ ጆሮዋን መያዝ ያምራታል፣ ያን የቅልጥሟን ድምፅ እንዳይመስልባት፣ አይመስልም፣ ይኼ ሰው ሲሠራ የሚሰማ ድምፅ ነው፣ ብናኙ ወለሉ ላይ ይረግፋል፣ እጀታው ከጥዑሜ ደረት ወርዶ እሷ እጅ ላይ ይመጣል። ልኳ። በቀኝሽ ያዢው፣ ትላለች ወንጌላዊት፣ በደህናው ወገን፣ ዓይንሽን ከወለሉ አንሺ እንጂ፣ ከዘራውና ግራ እግርሽ አብረው፣ ጎበዝ፣ ከዚያ ቀኝ። ያማል፣ ያማል ግን ይይዛል፣ የዘጌ ወደብ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ እኅቴ ባንቺአየሁ በግራ ትደግፈኛለች፣ እማማ ቁራጯን ነጠላቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ ነው፣ ይቋጥሩ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ፍትሐቱን ቆማ ነው የምትሰማው፣ ግራ፣