የዳቦው እናት

ድርቤ ከማግባቷ በፊት ዲጋ አጠገብ በድልድይ ሠሪዎች ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣሊያን ግንበኛ እሷንና ጓደኛዋን ተናኜን የትውልድ መንደሩን ዳቦ አጋገር አስተማራቸው። ቅርፊቱ ሲቆረስ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እርሾውን «እናት» ይለዋል። እናት በየቀኑ ዱቄትና ውሃ ትቀለባለች፤ ካልተቀለበች ትሞታለች። ሁለቱም ከዚያች እናት ቆንጥረው ያዙ።

ነቀምቴ ለደረሳ በተዳረች በአምስተኛው ወር፣ ድርቤ በቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ፊት «የእሑዱን ዳቦ እኔ አመጣለሁ» አለች። ሃያ ሴቶች ዞረው አዩዋት። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በቀር ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የእርሾው ማሰሮ ባዶውን ተገኘ።

«አዮ፣ እዚህ የነበረው ሊጥስ?» አለች አማቷን።

አዮ ሎሚ ለዶሮዎቻቸው ጥሬ ይበትኑ ነበር። «ሸቶ አገኘሁትና ለእነዚህ ሰጠኋቸው። እነሱም እየተግደረደሩ ነው የበሉት።»

ድርቤ ወደ መንገድ ሮጠች። ነጋዴው ፈድሉ መኪናው ላይ ጨው ጭኖ ወደ ዲጋ ሊነሳ ነው።

«ለተናኜ፣ ‹እናቱ ሞታለች፣ ከእሑድ በፊት ድረሽልኝ› በልልኝ።»

ፈድሉ አንገቱን ደፋ። «ያጥናሽ» አላት።

የቀለደ መስሏት ፈገግ አለች። ፈድሉ በዚያ ፈገግታ እየተገረመ ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዮ ሎሚ ደጅ ላይ ገብስ ሲያበጥሩ ከመንገዱ ዋይታ ተሰማ። ተናኜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት፣ አራት የዲጋ ሴቶች ከኋላ ወደ ግቢው ገቡ። አዮ ሎሚ ለቅሶ አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ሰፌዱን አስቀምጠው አብረው ማልቀስ ጀመሩ።

ተናኜ ዓይኗን ስትጠርግ አየቻቸው። ዋይታው ቀጥ አለ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አዮ ሎሚ።

«እርስዎ።»

«መቼ?»

«ትናንት ተባልን። ፈድሉ ነው ‹እናቱ ሞታለች› ያለን። የደረሳ እናት እርስዎ አይደሉ?»

ድርቤ ከጓዳ ብቅ ብላ ነበር። «የዳቦውን ነው ያልኩት» አለች በቀስታ። «የዳቦውን እናት።»

መጀመሪያ የሳቀችው አንዷ የዲጋ ሴት ናት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

«ለአንድ ጭብጥ ሊጥ ነው እንባዬን የጨረስኩት?» አሉ አዮ ሎሚ።

ድርቤ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ተናኜ ጀርባ ላይ የታዘለው ነገር ላይ ቀርቷል።

«ባዶ እጄን ለቅሶ ቤት አልገባ ነገር» አለች ተናኜ። «መጋገሪያ ጊዜ ስላጣሁ ከነቡሃቃው አዝዬው መጣሁ።»

ጨርቁን ፈታችው። ሊጡ የመኪናው መንገጫገጭ ሳይበግረው ከአፍ እስከ ገደፉ ኩፍ ብሏል፤ ሽታው ያው የእናቲቱ ሽታ ነው። አዮ ሎሚ ጠጋ ብለው አሸተቱ፣ አፍንጫቸውን ጨመደዱና ዶሮዎቹን ከግቢው አባረሩ።

እሑድ ከድርቤ የጭቃ ምድጃ የወጣው ዳቦ ከጸሎት በኋላ ተቆረሰ። ማኅበሩ በሙሉ ቅርፊቱን ያንኮሻኩሽ ጀመር። ከዚያ ሴቶቹ ድርቤን ከበቧት።

«ከእናቲቱ ቆንጥሪልን እንጂ፣ ልጄ።»

«እናት አትበሏት» አሉ አዮ ሎሚ፣ ቅርፊቱን እያኘኩ። «ዳግመኛ ልታስለቅሱብኝ ነው? አማት በሏት። አማት እንዲህ በቀላሉ አትሞትም።»