ስድስት ማዳበሪያ የርግብ ኩስ

ታላቅ ወንድሜን ስምንት ዓመት ሙሉ ያየሁት ከመንገድ ማዶ ነው። እሱ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እኔ ፊት ለፊቱ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ድሮ የምሠራው ለሱ ነበር። አንድ ቀን የጠረጴዛ እግር አሳጥሬ ብቆርጥ፣ በደንበኞች ፊት፣ «ይሄ ወንድሜ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ገበያ ሄዳ በምርቃት የሰጧት ነው» አለ። ሳቁ። ጥዬ ወጣሁ። ና ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለኝም። ሌላ ሰፈር ደህና ቦታ ሲገኝ እንኳ፣ ምናልባት ይጠራኝ ይሆናል ብዬ ቀረሁ።

ባለፈው ወር ቤቱ ሳይከፈት ሰነበተ። እህታችን ደወለች። ራሱን እየፈለጠው ነው፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያያል፣ ስሟም ይጠፋበታል። ሆስፒታል ሄድኩ። የታይፎይዱም የወባውም መድኃኒት አልሠራም። ሐኪሟ፣ «በቅርቡ ምን አቧራ ነክቶ ነበር?» አለች።

«እሱ እኮ ባለቤት ነው፤ አቧራ የሚነኩት ሠራተኞቹ ናቸው» አለች እህቴ።

«የርግብ ኩስ ጠርጓል» አልኩ።

«አንተ ደግሞ! ደጁን ሳትረግጥ በምን አወቅክ?»

ፊቴ ጋለ። «አየዋለሁ። በየቀኑ ነው የማየው። ከሦስት ወር በፊት ሠራተኞቹ እምቢ ሲሉት ራሱ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። አፍንጫውን እንኳ ሳይሸፍን ስድስት ማዳበሪያ አወረደ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያስል፣ እሱን ሳይ ሁለት ቁልፍ አበላሽቻለሁ።»

ሐኪሟ ጻፈች። ከጀርባው ፈሳሽ ቀዱለት፤ በማግስቱ፣ «አንጎሉ ውስጥ የገባው ፈንገስ ነው» አለችን። እንዲህ ያለ አቧራ ብዙ ሰው ይተነፍሳል፣ ምንም አይሆንም፤ የሚታመመው ከስንት አንዱ ነው።

በደም ሥሩ የሚሰጠው መድኃኒት ያንቀጠቅጠዋል። ያኔ እግሩን የምይዝለት እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ይሄ ማነው?» አለ።

«ታናሽህ ነው» አለች እህቴ።

ይቅርታ ሲለኝ የምመልስለትን ስምንት ዓመት ስደግመው ነው የኖርኩት፤ አጥንት የሚሰብር መልስ ነው። አፌ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ!» አለ። «በልተህ አላደርክም እንዴ?»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ፤ አጥብቄ ያዝኩት።