ወደ ሳራ የዞረ አንገት

ጌታሁን ባጃጁን አቁሞ ለምሳ በገባ ቁጥር በቀኙ ለምትቀመጠው ማናልሞሽ ከባሏ የሚደርሳት ጆሮው ብቻ ነበር። አንገቱ ወደ ግራ ዞሮ ቀርቷል። በግራ በኩል ደግሞ በሩ አለ፤ ከበሩ ማዶ የሳራ ልብስ ስፌት ቤት። ሲያጎርሳት እንኳ ዓይኑ እዚያው ስለሆነ አንድ ቀን ጉርሻው ጉንጯ ላይ አረፈ።

«ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል።

«የሚዛን ከተማ ብርድ ሳራን አይቶ ነው የሚመታው?» ትለዋለች።

ማናልሞሽ ቀናች። ሳራን ሰላም ማለት ተወች፤ ዕድር ላይ እንኳ ጀርባዋን ሰጠቻት። ምስኪኗ ሳራ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አታውቅም፤ የቀናች ሴት ግን ምስክር አትጠራም፣ ዳኛዋም ራሷ ናት።

በመጨረሻ እጁ ደንዝዞ የባጃጁን መሪ መያዝ ሲያቅተው አዲስ አበባ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ የአንገቱን የራጅ ፎቶ አሳያቸው። ላይኛው የአንገት አጥንት ላይ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ በቅሏል፤ ወደ ቀኝ መዞር ስለሚያመው አንገቱ ወደ ግራ ሸሽቷል።

«መቼ ጀመረው?»

«እኔ እንጃ» አለ ጌታሁን።

«የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በግንቦት ልደታ ማግስት» አለች ማናልሞሽ። ሳራ ስፌት ቤቷን የከፈተችበትን ቀን እንዴት ትረሳለች?

«ይህን ያህል ካስተዋሉ ምነው ዝም አሉ?»

ማናልሞሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዝም ብላስ አታውቅም ነበር።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ በማጅራቱ በኩል አጥንቱን በብሎን አሰሩት፤ በሳምንቱ በአፉ ገብተው ዕጢውን አወጡት። እሷ ደጅ ቁጭ ብላ እየጸለየች፣ ሲነቃ የማንን ስም ይጠራ ይሆን ብላ ሰጋች። ጉሮሮው በቱቦ ተይዞ ነበርና የማንንም አልጠራም።

«ይድናል» አሏት። «አንገቱ ግን ቀጥ እንዳለ ይቀራል፤ ከእንግዲህ አይዞርም።»

ሆስፒታል በጀርባው ተኝቶ ጣራ ጣራውን ሲያይ ሰነበተ። ሚዛን በገቡ ዕለት ቀድማ የመጣችው ሳራ ናት፣ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ። ወንበር ላይ በተቀመጠው በጌታሁን ትይዩ ሌላ ወንበር ነበር፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ያገኛል። ማናልሞሽ ያን ወንበር ለራሷ ነበር የፈለገችው። ያ «ምነው ዝም አሉ?» የሚለው የሐኪሙ ጥያቄ ትዝ ሲላት ግን አፈረች።

«እዚህ አረፍ በይ፣ ሳርዬ» ብላ እሷ በቀኙ ተቀመጠች።

ጌታሁን ሳራን አመሰገነ። ከዚያ በሁለት እጁ ተደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ከነወንበሩ ወደ ቀኝ፣ ወደ ማናልሞሽ ዞረ።

«ሦስት ዓመት በዚህ በኩል አላየሁሽም» አላት። «ከስተሻል።»