ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ታፔላ

ኦዲሊያ ትሬቪኞ ከራሷ ፊት ጋር ጠብ አልነበራትም። ጠቡ የጀመረው ባሏ ሮሄሊዮ ያንኑ ፊት ታፔላ ላይ አሳትሞ፣ በፒክ አፑ ጭኖ ቤት ያመጣው ቀን ነው። ታፔላው የበር ግማሽ ያክላል። ከላይ ኦዲሊያ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች፤ ከታች በትልልቅ ቀይ ፊደል ስሟና «የላበክ ከተማ የቤት ደላላ» የሚል ጽሑፍ አለ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ኦዲሊያ ደላላ አይደለችም። የፈቃድ ፈተናውን ገና አላለፈችም።

«ማለፍሽ ይቀራል እንዴ!» አላት ሮሄሊዮ፣ ታፔላውን ከፒክ አፑ እያወረደ። «ማተሚያ ቤቱ ቅናሽ አድርጎ እኮ ነው። ቅናሽ ሰው ይጠብቃል?»

ኦዲሊያ ታፔላውን እየጎተተች የቤታቸው ጋራዥ ውስጥ አስገብታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከዚያ ሄዳ ተፈተነችና ወደቀች። ደግማ ሄዳ ደግማ ወደቀች። ማጠቢያ ማሽኑ እዚያ ነውና፣ ልብስ ልታጥብ ጋራዥ በገባች ቁጥር ጀርባውን የሰጣት ታፔላ ከወዲያ በኩል የሚስቅባት ይመስላት ጀመር።

አወዳደቋም ለሰው ማውራት የሚያሳፍር ዓይነት ነው። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የመላ ሀገሪቱን ሕግ ይጠይቃል፣ ሌላው የቴክሳስን ብቻ። የሀገሪቱን ገና በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። ሁለቴ የወደቀችው ቴክሳስን ነው፤ ተወልዳ ያደገችበትን፣ ቅድመ አያቶቿ አጥር የሚባል ነገር ሳይኖር ከብት ያረቡበትን ቴክሳስ። ሮሄሊዮ ይህን ካወቀ ወዲህ መቀመጫ አሳጣት። «ሌላውን አገር ሁሉ አልፋ ሰፈሯን የወደቀች ሴት አግብቼልሻለሁ!» እያለ ለእህቱ ለኒዬቬስ በስልክ ሲያወራ በጆሮዋ ሰምታዋለች።

የውድቀቷ ምክንያት ሌላ ማንም ሳይሆን አለቃዋ ሚስተር ሃስኩ ነው። ኦዲሊያ ፀጉሯ ሳይሸብት ጀምሮ በሚስተር ሃስኩ የቤት ሽያጭ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ሽማግሌው ደግ ሰው ነው፤ ማንንም አታሎ አያውቅም። ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው በእጅ መጨባበጥና በትዝታ ነው፤ መጽሐፉ የሚለውና እሱ የሚያደርገው ተገናኝተው አያውቁም። ፈተናው «ፈቃድ የሌላት ጸሐፊ ስለ ቤቱ ዋጋ ደንበኛን ልታማክር ትችላለች?» ሲላት፣ ኦዲሊያ ስልክ ባነሳች ቁጥር የምታደርገው ነገር ነውና ያለ ምንም ማመንታት «ትችላለች» አለች። አትችልም። እንዲህ እያለች የምታውቀውን በሙሉ ጻፈችና የምታውቀው በሙሉ ጣላት።

አሁን ግን መቀለጃው አብቅቷል። ሚስተር ሃስኩ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ቢሮውን የምትረከበው ልጁ ሎርና ናት። ሎርና ነገር አታድበሰብስም። «ኦዲሊያ፣ ስልኩ ዛሬ ራሱን በራሱ ይመልሳል፤ ለጸሐፊ የምከፍለው ነገር የለኝም» አለቻት። «ፈቃድ ካወጣሽ ግን ጠረጴዛሽም፣ የአባቴ ደንበኞችም ያንቺ ናቸው። ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ።» ሕጉ ደግሞ ሦስት ጊዜ የወደቀን ሰው እንደገና ክፍል አስገብቶ ያስተምራል። ኦዲሊያ የሚፈለግባትን የትምህርት ሰዓት በሙሉ ከሥራ መልስ፣ ዓይኗን በግድ ከፍታ ነበር የጨረሰችው። ሦስተኛውን ከወደቀች ትምህርቱን ጨርሳ ሳትመለስ ዓመቱ ያልቃል፤ ጠረጴዛዋም አብሮ ይሄዳል። ፈርታ ነበር። ለማንም ባትናገርም፣ ምግብ አልወርድ እስኪላት ድረስ ፈርታ ነበር።

ሮሄሊዮ ግን ያውቃል። ለዚህ ነው በየምሽቱ ሥጋ እየጠበሰ፣ በአንድ እጁ መቆንጠጫ በሌላው የጥያቄ ካርድ ይዞ የሚያስጠናት። ሰውዬው አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ካርዱን ከማንበብ ብዛት እሱም ሊቅ ሆኗል። ደንበኞቹ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቧንቧ እየፈታ፣ ጎረቤት በግቢያቸው የማለፍ መብት ይኖረው እንደሆነ ያብራራላቸዋል አሉ። የማለፊያውን ዘዴ ያገኘውም እሱ ነው።

«እስቲ ስሚኝ አሮጊቴ» አላት አንድ ቀን። «ጥያቄ ሲመጣብሽ፣ ሃስኩ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብለሽ አስቢ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«እሱን ተዪና ሌላውን ምረጪ።»

ኦዲሊያ በእጅ ፎጣው ጀርባውን መታችው፤ ከሳምንታት ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ሞከረችው። ሠራ።

በፈተናው ዋዜማ እራት ላይ የመጨረሻውን ካርድ አነሳ። «ፈቃድ ያላገኘ ሰው በስሙ የደላላ ማስታወቂያ ቢያወጣስ?»

«ክልክል ነው። ፈቃዱንም ሊያስከለክለው ይችላል።»

«ጎበዝ!» አለና ካርዶቹን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ አንድ የማይሆን ፈገግታ ነበር፤ ኦዲሊያ ልብ አላለችውም።

በማግስቱ ላበክን አቧራ አለበሳት። ነፋሱ ገና በጠዋቱ መስኮት ያንኳኳል። ሮሄሊዮ ቀደም ብሎ ወጥቷል፤ ድንችና እንቁላል የተጠቀለለበት ቡሪቶ ትቶላታል። «በኒዬቬስ ቤት በኩል ሂጂ፣ ያኛው መንገድ ተቆፍሯል» ብሏት ነበር። በኒዬቬስ ቤት በኩል ሄደች። ትልቁ መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ ከኒዬቬስ ሣር መሃል፣ ራሷን ቆማ አየቻት። ታፔላው በሁለት እንጨት ተተክሎ በነፋሱ እየተንቀጠቀጠ፣ ለአላፊ አግዳሚው ጥርሱን ይገልጣል።

ኦዲሊያ መኪናውን ዳር አቁማ ደወለች።

«ሮሄሊዮ! ይሄን ነገር ማን ነው የተከለው?»

«እኔ ነኛ! አየሽው? ስታልፊ አይተሽ እንድትበረቺ ብዬ…»

«ፈቃድ ያላገኘ ሰው በስሙ ማስታወቂያ ቢያወጣ ምንድነው?»

«ክልክል ነው» አለ ድምፁን ቀንሶ።

«ካወቅህ ታዲያ?»

«ዛሬ ታልፊ የለ እንዴ፣ አሮጊቴ። ለግማሽ ቀን ማን ያየዋል ብዬ ነው።»

«ማን ያየዋል? ጎዳናው ላይ ተክለኸው ማን ያየዋል ትለኛለህ? አንተ ሽማግሌ፣ ጉድ ሠራኸኝ!»

ስልኩን ዘግታ ወረደች። በፈተና ልብሷ ተንበርክካ እንጨቶቹን መነቅነቅ ያዘች። ኒዬቬስ በሌሊት ልብሷ ከበረንዳው ብቅ አለች። «ኧረ ምን እያደረግሽ ነው? ጠዋት ገና መተከሉ እኮ ነው! ቆንጆ ወጥተሻል!» ኦዲሊያ ግን ነቀለችው፤ ከነፋሱ ጋር እየታገለች መኪናው ውስጥ አጋድማ አስገባችው። ፊቱ ወደ ሾፌሩ ካልሆነ በቀር አልገባ ስላለ፣ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ባየች ቁጥር ያቺ ሴትዮ ከኋላ ሆና ትስቅባታለች።

የፈተና ማዕከሉ የደረሰችው በሩ ሊዘጋባት ሲል ነው። ተቆጣጣሪዋ ወፍራም፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስልኳን ተቀብላ ቆለፈችበት፤ ኪሷን አስገለበጠቻት፤ እጅጌዋን አሰበሰበቻት። መዳፏ ላይ ያለውን ቀይ አፈር ስታይ ቀና አለች።

«አትክልት ስትተክይ ነው እንዴ የመጣሽው፣ የኔ ማር?»

«ባሌ የተከለውን ስነቅል ነው» አለች ኦዲሊያ። ሴትየዋ ሳቀችና እጇን ታጥባ እንድትገባ መታጠቢያውን አሳየቻት።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሐሳቧ ታፔላው ላይ ነበር። ማን ማን አይቶ ይሆን? አንዱ ፎቶ አንስቶ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ልኮት ቢሆንስ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብባ ምንም አልገባት። ከዚያ ሚስተር ሃስኩን በዓይነ ሕሊናዋ አመጣችው፤ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ «አይዞሽ፣ ይሁን በያቸው» ሲል። እሱ ይሁን ያለውን ተወችና ሌላውን መረጠች። ቀጣዩንም እንዲሁ። እየቆየ ትንፋሿ ተመለሰ።

መሃል ላይ ስትደርስ ያ ጥያቄ መጣ። ፈተናውን ገና ያላለፈ ሰው፣ ቤተሰቡ በስሙና በፎቶው የደላላ ማስታወቂያ ቢተክልለት ይፈቀዳል ወይ? ኦዲሊያ ሳቋ አመለጣት። ተቆጣጣሪዋ ከመስታወቱ ወዲያ አንገቷን አስግጋ አየቻት። ኦዲሊያ አፏን በእጇ ይዛ መለሰች፤ በሕይወቷ ስለ ምንም ነገር እንዲህ እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

ጨርሳ ወጣች። ፕሪንተሩ አጉረመረመና አንድ ወረቀት ተፋ። ኦዲሊያ እነዚህን ወረቀቶች ታውቃቸዋለች። ሁለቱም ላይ ከላይ ቁጥር ነበረ፤ ያመጣችው ነጥብ። ከሥሩ ደግሞ በየትኛው ርዕስ ስንት እንደሳተች ተዘርዝሮ ገጹ ይሞላል። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ሰጠቻትና ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

ኦዲሊያ ቁጥሩን ፈለገች። ቁጥር የለም። ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ ግን ዓይኗ ላይ እየተርገበገበ አልነበብ አላት። ታፔላው ነው፣ አለች በልቧ። አይተውታል። ውጤቴን ይዘውብኛል። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እመቤት» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «የኔ ላይ ቁጥር የለም። ምን ሆኖ ነው?»

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገች፣ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ኦዲሊያን አየች። «ስንተኛሽ ነው?»

«ሦስተኛዬ።»

«አይ የኔ ማር!» አለች ሴትየዋ፤ ፊቷ በሙሉ ፈካ። «ቁጥር የምንሰጠው ለወደቀ ነው፤ የት የት እንደሳተ አውቆ እንዲያጠና። ላለፈ ሰው ቁጥር ምን ይሠራለታል? እስቲ እዚህ ጋ አንብቢ።»

ጣቷን ያሳረፈችበት መስመር «አልፈዋል» ይላል።

ኦዲሊያ መኪናዋ ድረስ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። በሩን ዘግታ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። ደረቷ ላይ ስንት ወር የተጫነው ነገር ተነሣላት፤ ልክ አየር እንዳዲስ የተሰጣት ይመስል ደጋግማ ተነፈሰች። ከዚያ በጣም ራባትና ቡሪቶውን አወጣች። አፏን እንደሞላች ደወለች።

ሮሄሊዮ ገና ሳይጠራ አነሳው። «አሮጊቴ፣ ይቅር በዪኝ። ጠዋት ጀምሮ አንድ ቧንቧ እንኳ አልፈታሁም። ስንት አመጣሽ?»

«ቁጥር አልሰጡኝም።»

«ወይኔ! በኔ ጦስ ነው። በኔ በደነዙ…»

«ሮሄሊዮ፣ ስማኝ። ያለፈ ሰው ቁጥር አይሰጠውም።»

ሮሄሊዮ ካለበት ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰፈሩን በሙሉ የሚያስደነግጥ ጩኸት ጮኸ። ኦዲሊያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

«በይ በመንገድሽ ኒዬቬስ ጋ ትከይው!» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ።

«አልተክለውም። ፈተና ማለፍ ፈቃድ አይደለም። ሎርና ፈርማልኝ፣ ፈቃዱ በስሜ እስኪወጣ ድረስ…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ያስጠናሁሽ እኔ አይደለሁም?» አለና ሳቀ። «ሃስኩ ቢሆን ግን ይተክለው ነበር።»

«ለዚህ ነዋ የማንተክለው» አለችው።

ቤት ስትደርስ ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር። ታፔላውን ጎትታ ጋራዥ አስገባች፤ ፊቱ ላይ የተኛውን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች። እንደ ልማዷ ወደ ግድግዳው ልታዞረው ስትል እጇ ቆመ። ያቺን ጥርሷን የገለጠች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ አየቻት። አስቀያሚ አልነበረችም።

ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ አቆመቻት።

«ትንሽ ታገሺ» አለቻት። «ራሴ መጥቼ አወጣሻለሁ።»