ሁለት ጊዜ የፈላ ውሃ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ምናልባት» ይላታል። አዳራሹን የምትጠርገው፣ ወንበር የምትደረድረው፣ ስብሰባ ሲኖር በየጠረጴዛው ውሃ የምታስቀምጠው እሷ ናት። ነገ ትገቢያለሽ ወይ ሲሏት «ምናልባት፣ ደህና ካደርኩ» ትላለች። አዳራሹ ተከፍቷል ወይ ሲሏት፣ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች፣ «እኔስ ከፍቼዋለሁ፤ ሰው መልሶ ካልቆለፈው» ትላለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ አፍ «አዎ» የሚል ቃል ጥርት ብሎ ሲወጣ የሰማ የለም። ቀልደው ቀልደው ሲደክማቸው ስም አደረጉት፤ እሷም ሲጠሯት አቤት ማለት ለመደች።

እርግጠኛ መሆን ያስፈራታል። አፏን ሞልታ «ይሆናል» ያለችውን ነገር ሁሉ፣ አንድ የሆነ ጆሮ ሰምቶ ሊያበላሽባት የሚነሣ ይመስላታል። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ልጅ ናት፤ «እማ፣ ሞተሽ እንኳ ቢጠይቁሽ ‹ምናልባት› ነው የምትይው» ትላታለች። እናት ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን በጠዋቱ ሞት ምን አነሣሽ ብላ ትቆጣታለች።

በዚያ ዓመት ዋናው ፍርሃቷ ቦዩ ነበር።

ቤታቸው ከአዳራሹ ቁልቁል አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ አንዲት ክፍል ናት። ከአዳራሹ ጓሮ የሚነሣው ቦይ በቤቷ ጀርባ ያልፍና ትንሽ ዝቅ ብሎ መንገዱ ሥር ባለው ቱቦ ይገባል። ቱቦው ክፍት ሲሆን ቦዩ ጎረቤት ነው፤ ሲደፈን ጠላት ነው። ምን እንደሚደፍነው ደግሞ እንደ እሷ አብጠርጥሮ የሚያውቅ የለም። የቆሻሻ መኪና የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። እስከዚያ የስብሰባው ባዶ ጠርሙስ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ጓሮ ይቀመጣል፤ ውሻ ይቀደዋል፣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ተያይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ባለፈው ክረምት አንድ ረቡዕ፣ ጽሑፋቸው ወደ እንግዳው እንዲዞር እያስተካከለች የደረደረቻቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ዓርብ ጠዋት በራሷ አልጋ ሥር ሲንሳፈፉ አገኘቻቸው። ሰማያዊ ክዳናቸውን ዐውቃዋለች። አንዱ አፉ ላይ የእንግዳ የከንፈር ቀለም እንኳ አልለቀቀውም ነበር።

ያን ጊዜ ውሃው ጉልበት ድረስ መጣ። ሲጎድል የጀርባው የጭቃ ግድግዳ ሆዱን ወደ ውስጥ ነፍቶ ቀረ። የልጅቷ አልጋ ያለው በዚያ ግድግዳ ሥር ነው፤ ሌላው ቦታ በእናቷ አልጋ፣ በምድጃውና በበሩ ተይዟል። ግንበኛ ተጠርቶ መጣ፤ በአውራ ጣቱ ግድግዳውን ጫን ሲያደርገው ጣቱ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ። ለጠፍ ለጠፍ አደረገና ዕቃውን እየሰበሰበ፣ ሁለተኛ ውሃ ከነካው እኔን እንዳትጠሩኝ፣ ያን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ አካፋ ያለው ሰው ነው ብሎ ሄደ። አከራዩ ስለ ግድግዳ ሲነሣ ጆሮው አይሰማም። ሌላ ቤት በዚያ ኪራይ አይታሰብም። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ይልና ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ ይመለሳል።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ ስብሰባዎች ቆሻሻ የማያስከትሉ ይሁኑ ይላል። ወረቀት በሁለቱም ገጽ ይታተም፣ ጨርቅ ላይ የሚጻፈው ማስታወቂያ ቀን ሳይጻፍበት ለሚቀጥለው ዓመትም ይቀመጥ፣ ምግብ በሰው ልክ ይታዘዝ፤ በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ቀርቶ በጆግና በብርጭቆ ይቅረብ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ ሁለት መቶ ብርጭቆ ማን ሊያጥብልን ነው ብሎ ሳቀና ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረገው። ይህን የነገረቻት ጸሐፊዋ ናት። ጸሐፊዋ በዕድሜ ታንሳታለች፤ ነገር ግን ከሁሉ ሰው ይልቅ ለእሷ ትቆረቆራለች፤ «እታለም» እያለች ነው የምትጠራት።

«ምናልባት» የዚያን ቀን ሳትጠራ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳች። እኔ አጥበዋለሁ አለችው። ውሃውን ማን ያዘጋጃል አላት። እኔ አዘጋጃለሁ አለች። ስለ ቱቦው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ልጅቷ አልጋ ልትነግረው አስባ ነበር፤ ግን ለራሷ ጉዳይ የመጣች እንዳይመስልባት ፈርታ ዋጠችው። ትችይዋለሽ ወይ ሲላት «ምናልባት» አለች። ሥራ አስኪያጁ በሳቅ ፈርሶ እሺ አለ። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ይሞከር፤ ከተሳካ የክረምቱ አሥራ አራት ስብሰባዎች ሁሉ እንደዚያው ይሁኑ። ካልተሳካ ግን ሁለተኛ እንዳይነሣብኝ አላት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በሙቅ ውሃ አጠበች፤ ስንጥቅ እንዳይኖርባቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣች አየቻቸው። ውሃውን በመሥሪያ ቤቱ ክበብ ትልቁ ድስት አፈላችው፤ አቀዘቀዘችው፤ በንጹሕ ጨርቅ አጠለለችው። ሲያልቅ አንዲት ዝንብ በድስቱ ላይ ያለፈች መሰላት። እንደገና አፈላችው። ማክሰኞ ማታ መጀመሪያ ራሷ ጠጣችውና ሆዴን ያመኝ እንደሆነ ልየው ብላ እስከ ጠዋት ጠበቀች። ምንም አላመማትም። አንድ ሰው አይበቃም ብላ ረቡዕ ጠዋት ዘበኛውንም ሳትነግረው አጠጣችው፤ ከዚያ በየሰዓቱ በር ላይ ብቅ እያለች መልኩን ታየው ነበር። ዘበኛው በመጨረሻ፣ ሴትዮ ምን ሆነሻል፣ ብድር አለብኝ እንዴ አላት።

ጉባኤው ሐሙስ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደፍኖ ነበር። ጆጎቹ ጨርቅ ለብሰው፣ ብርጭቆዎቹ ተደፍተው በየጠረጴዛው ተቀመጡ፤ አንድም ፕላስቲክ የለም። እሷ በጓዳው በር ስንጥቅ ቆማ ታይ ጀመር። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ቀድታ ጠጣች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ቀዳች። ሁለት ሽማግሌዎች ተገባብዘው ጠጡ። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየች አብራ ትውጣለች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ጠጣ። ልቧ ትንሽ ሞቅ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ሞቅ በማለቱ ደነገጠች።

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተ። ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ የቧንቧ ይሆን እንዴ አለው። ጎረቤቱ ለሚቀጥለው አለ። ጥያቄው በረድፉ እየተሻገረ እስከ መድረኩ ደረሰ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ነው፤ ደብዳቤውንም አንብቦ ወዶት ነበር። ነገሩን በጨዋታ ሊያበርደው ፈልጎ በጓዳው በር ያያትን ሴት በእጁ ጠራት፤ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ፣ ሁሉም እየሰማው ጠየቃት።

«እናታችን፣ ይህን ውሃ ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ አሉ። እንዲያው አንድ ጊዜ ንገሪንና በሰላም እንጠጣ፤ ያስተማምናል አይደል?»

ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አያት። መልሱን ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ አፍልታዋለች፤ ጠጥታዋለች፤ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ አለ፣ ያውም ደህና ሆኖ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ግን ሁለት መቶ ሰው እየሰማት አዎ ብላ ከመካከላቸው አንዱን ነገ ቢያመውስ? ያ ጆሮ ዛሬ ባይሰማ መቼ ሊሰማ ነው? አፏ የለመደውን ቃል አወጣ።

«እንግዲህ» አለች፤ «እሱ ያውቃል።»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢውም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን መነጽር ያደረገው ሰውዬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በአንድ ጣቱ ከፊቱ ገፋ አደረገው። ከዚያ ሌላው ገፋ አደረገ። ደግማ የቀዳችው ወፍራም ሴትዮ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። እሷ «ሁለት ጊዜ አፍልቼዋለሁ» ማለት ጀመረች፤ ድምፅ ማጉያው ግን ከፊቷ ተነሥቷል፤ የሰማት ከአጠገቧ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ጊዜ ለምን አስፈለገ የሚል ፊት አሳየ።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሾፌሩን በዐይኑ ጠራው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የታሸገው ውሃ በላስቲክ እንደተጠቀለለ በጎን በር ገባ። ላስቲኩ ሲቀደድ ተናጋሪው እስኪያልቅ ድረስ ዝም አለ። ጆጎቹን አነሣች፤ ቦታ የያዙት እነሱ ናቸውና። ጠርሙሶቹንም የደረደረችው ያው እሷ ናት፤ እጇ ለምዶባት ጽሑፋቸውን ወደ እንግዳው አዞረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉባኤው ሲያበቃ ጸሐፊዋ ወደ ጓዳው መጣች። በእጇ ያ ደብዳቤ አለ። በግርጌው ሥራ አስኪያጁ በቀይ እስክሪብቶ «ተሞክሯል፤ አልተቻለም። ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብሎ ፈርሞበታል። ፋይል ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ታይው ብላ ነው ያመጣችው፤ ካሳየቻት በኋላ ግን ባላሳየኋት ያለች መሰለች።

«እታለም፣ ‹አዎ› ማለት ምን ይከብድ ነበር?»

«አፍልቼዋለሁኮ።»

«እሱን እኔ ዐውቃለሁ። ለእነሱ ነበር መንገር።»

«ምናልባት» ደብዳቤውን መለሰችላት። ሁለት ጊዜ የፈላውን ውሃ ወለል ማጠቢያ አደረገችው፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

ጠርሙሶቹ፣ ብዙዎቹ ግማሽ ድረስ እንኳ ሳይጠጡ የቀሩ፣ ውሃቸው ተደፍቶ ስድስት ከረጢት ሞሉ። የቆሻሻ መኪናው የሚመጣው ሰኞ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ይደሩልኝ ብላ የንብረት ክፍሉን ሰው ለመነችው፤ አይጥ ይጠራብኛል ብሎ ቆልፎ ሄደ። የከረጢቶቹን አፍ በገመድ ሁለት ሁለት ጊዜ አሰረች፤ ድንጋይ ጫነችባቸው። ውሻ ለገመድም ለድንጋይም እንደማይመለስ ታውቃለች። ሁለቱን ከረጢቶች ተሸከመች፤ ከዚያ በላይ ጀርባዋ ላይ ቦታ አልነበረም። ዘበኛው በር ላይ ሲያያት፣ አዲስ ሥራ ጀመርሽ ወይ ብሎ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን አይቶ ተወው።

ልጅቷ ደብተሯን አልጋው ላይ ዘርግታ ስታጠና ደረሰች። እናቷን ከነሸክሟ ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«እማ፣ ጎርፉን ራስሽ ተሸክመሽ ልታመጪው ነው እንዴ?»

እናት አልሳቀችም። ከረጢቶቹን አልጋዋ ሥር ገፋቻቸውና ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ሰብሳቢው የጠየቃትን፣ እሷ የመለሰችውን። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቋ መጣባትና አፏን ያዘች፤ ትንሽ ቆይታ ሳቁ ጠፋባት። ዞር ብላ ግድግዳውን አየችው። ግንበኛው የለጠፈው ጭቃ ከዳር ዳር ፈልፈል ብሎ ነበር።

ጣሪያው ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር የማይቻል ሆነ። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ጀርባው ግድግዳ ሰጡ። ቦዩ ለጊዜው እየሄደ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። ከዚያ በውሃው ድምፅ መካከል ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀላል፣ ባዶ፣ እርስ በርሱ የሚንቋቋ። ከላይ እየተግተለተለ ይወርዳል፤ በግድግዳው ማዶ አልፎ ወደ ቱቦው ይሄዳል።

«እማ» አለች ልጅቷ፤ «ዛሬ ይገባል?»

«ይገባል» አለች እናቷ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ተነሥታ ደብተሮቹን ሰበሰበችና ቆጡ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ከዚያ የአልጋውን አንድ ጎን ይዛ በዚያ በኩል ያዢ አለቻት። ከግድግዳው አራቁት። ሁለት ክንድ ያህል እንደራቀ ከእናትየው አልጋ ጋር ተጋጨ፤ ከዚያ ወዲያ በሩ ነው። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።